ዳቦውን ማን ነው የሚበላው?

ይህን የኢንተርኔት መድረክ ክር፣ ማለትም የጥያቄና መልስ ውይይት፣ የከፈተችው ጣሊያን አገር ቱሪን የምትኖር አበሻ ናት። እናቷ ለክረምት ከጎንደር መጥተውላት ከተማውን ስታዞራቸው፣ የግብፅ ሙዚየሙን ልታሳያቸው ይዛቸው ትገባለች። ትልልቆቹን ሐውልቶች እናትየው ከቁብም አልቆጠሯቸው። እግራቸው የተተከለው አንድ መስታወት ፊት ነው። ውስጡ ዳቦ አለ። የእውነት ዳቦ። ጠቁሯል፣ ደርቋል፣ ጠርዙ ተሸራርፏል፤ ዳቦነቱ ግን ከሩቅ ያስታውቃል። ከ3300 ዓመት በላይ ሆኖታል።

ዳቦው የኻ እና የሚስቱ የሜሪት ነው። ኻ የነገሥታቱን መቃብር የሚሠሩ ሰዎች አለቃ ነበር፤ መንደራቸው ዛሬ ዴይር ኤል መዲና ይባላል። ጣሊያናዊው ኤርኔስቶ ስኪያፓሬሊ በ1906 እ.ኤ.አ. መቃብሩን ሲያገኘው ሌባ አልነካውም ነበር። አልጋው፣ በርጩማው፣ የሜሪት ዊግ፣ የኻ የውስጥ ልብስ ሳይቀር ተጭኖ ቱሪን ገባ።

እናትየው ይሄ ለማን ነው የተቀመጠው ብለው ጠየቁ። ልጅቷ ለሟቹ ነፍስ ነው አለች። ነፍስ ደግሞ ዳቦ ትበላለች እንዴ አሉ እናት። መስታወቱ አጠገብ ባለው የሙዚየሙ ጽሑፍ ላይ ካ እና ባ የሚሉ ሁለት ቃላት ነበሩ፤ ልጅቷ ሁለቱንም ነፍስ ብላ አለፈቻቸው። ታዲያ ሰውየው ሁለት ነፍስ ነበረው ወይ? እዚህ ላይ መልስ አጣች። ማታ ቤቷ ስትገባ ጥያቄውን እንዳለ መድረኩ ላይ ለጠፈችው፤ ዳቦውን ማን ነው የሚበላው፣ ካ እና ባስ በአማርኛ ምን ይባሉ?

ክሩ 46 መልስ ደርሷል። ሙሉውን ለማንበብ ጊዜ ለሌላችሁ እኔ ልንገራችሁ። የዘለልኩት ካለ አውቄ ነው።

ቁጥር 1 ጨዋ ሰው ነው። መጀመሪያ ለእናትየው ሰላምታ ይልካል፣ ከዚያ ዳቦውን የሚበላው ካ ነው ይላል። ካ ከሰው ጋር አብሮ የሚወለድ የሕይወት ኃይል ነው። ክኑም የሚባለው በግ ራስ አምላካቸው በሸክላ ሠሪ መንኮራኩር ላይ ልጁን ሲሠራ፣ ካውንም መንትያ አድርጎ ጎን ለጎን ይሠራዋል። ሲጻፍ ወደ ላይ የተዘረጉ ሁለት እጆች ነው። ምግብ ለማለት ካው የሚሉት ከዚሁ ቃል ነው። ካ ግን እንደኛ አያኝክም፤ ከዳቦው የሚወስደው ውስጡ ያለውን ሕይወት ነው፣ ስለዚህ ዳቦው እንዳለ ይቀራል። እስከዚህ ጥሩ ነበር። መጨረሻ ላይ ሰው ሲሞት ካ በርሮ ወደ ሰማይ ይሄዳል ብሎ አበላሸው።

ቁጥር 2 ክሩን ለመከታተል ነጥብ ብቻ አስቀምጦ ሄደ። ሁልጊዜ አይጠፋም።

ቁጥር 3 ታሪክ ያጠናች ትመስላለች፤ በለስላሳ አነጋገር ታርማለች። የሚበርረው ካ ሳይሆን ባ ነው። ባ የሰው ራስ ያላት ወፍ ሆና ትሣላለች። ቀን ከመቃብር ወጥታ ፀሐይ ትሞቃለች፣ ውሃ ትጠጣለች፣ ዛፍ ላይ ታርፋለች። ሲመሽ ግን ወደ ሬሳው መመለስ አለባት። ሬሳው ከበሰበሰ ማደሪያ የላትም። ያ ሁሉ ድካም ለዚህ ነው ትላለች፤ 70 ቀን፣ ናትሮን በሚባለው ጨው ማድረቅ፣ በተልባ እግር ጨርቅ መገነዝ። ካ በበኩሉ መቃብሩን አይለቅም። ሐውልት ይሠሩለታል፣ እዚያ ያርፋል፣ የሚመጣለትን ይጠብቃል። አንዷ ወጪ ገቢ ናት፣ ሌላው ቤት ጠባቂ። ከክሩ ሁሉ እንደዚህች አጭርና ግልጽ መልስ አላገኘሁም።

ቁጥር 4 ግብፆች 9 ነፍስ ነበራቸው ብሎ ዘረዘረ። ካ፣ ባ፣ አኽ፣ ጥላ፣ ስም፣ ልብ እያለ ይወርዳል። ቁጥር 5 ደረቅ ያለ ሰው ነው፤ ከቲክቶክ ነው ያመጣኸው ወይ ብሎ ጀመረ። የ3000 ዓመት እምነት አንድ የተቆረጠ ቁጥር አይወጣለትም ባይ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት 2350 ገደማ በንጉሥ ኡናስ ፒራሚድ ግድግዳ ላይ የተቀረጸው ጸሎት ለአንድ ንጉሥ ብቻ ነበር። ኋላ ሣጥን ማሠራት የቻለ ሁሉ በሣጥኑ ላይ ያጽፈው ጀመር፣ ከዚያም ፓፒረስ፣ ከደንገል የሚሠራውን ወረቀት፣ መግዛት የቻለ ሁሉ። በዚህ ሁሉ መሐል ቃላቱ ሲሰፉ ሲጠቡ ኖረዋል። ቁጥር 4 እስከ ክሩ መጨረሻ አኮረፈ።

አኽ የሚለውን ግን ቁጥር 6 አንስታዋለች። አኽ አብሮ የሚወለድ አይደለም፤ ሟቹ ሁሉ ነገሩ ተሟልቶለት፣ ተፈርዶለት ሲያበቃ የሚሆነው ብርሃን የለበሰ ሁኔታ ነው። የሚጻፈው በአንድ ወፍ ሥዕል ነው፤ ፊቱ መላጣ፣ ማጅራቱ ላይ ጎፈር ያለው፣ መንቁረ ረጅም። ቱሪስት አስጎብኚ ነኝ የሚለው ቁጥር 9 ይህን ሲያነብ ዘሎ ገባ። በ2006 እ.ኤ.አ. ሶርያ፣ ፓልሚራ አጠገብ ሳተላይት መከታተያ የታሰረላቸው የዚህ ዝርያ ወፎች ክረምታቸውን ለማሳለፍ የመጡት የኢትዮጵያ ደጋ ላይ ነው። የግብፆች አኽ እኛ ጋ ሲግጥ ከረመ ማለት ነው ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

አሁን ወደ ትርጉሙ። ቁጥር 7 ካን ቆሌ በሏት አለ። እኔ በበኩሌ ደስ ብሎኝ ነበር። ሰው ሲደነግጥ ቆሌው ተገፈፈ እንላለን፤ አብሮት ያለ፣ ከራሱ የማይነጠል ግን ሊጎድል የሚችል ነገር እንዳለ አማርኛችን ያውቃል። ቁጥር 8 አልተስማማችም። ቆሌ የሚለማመኑት የቤት መንፈስ ነው፣ ቡና ይፈስለታል፣ ይቆጣል። የጎንደር እናት ፊት ቆሌ ብትይ ጸበል ነው የሚረጩብሽ ብላ ጠያቂዋን አስጠነቀቀቻት። ቁጥር 10 ሁሉንም ተዉት፣ ካ እንደሆነ ካ ይባል አለ፤ ቀልደኛው ቁጥር 11 ደግሞ፣ ለካ የቀረበውን ዳቦ የበላው ለካ ካ ነው ብሎ ጻፈና 60 ላይክ ሰበሰበ። ጥላ እና ስም አላከራከሩም። ስሙ የተፋቀ ሙት ሁለተኛ ይሞታል ብለው ያምኑ ነበር፤ ፈርዖን አኬናተን ከሞተ በኋላ ስሙን ከድንጋይ ላይ በመሮ የፋቁት ለዚህ ነው። እኛም ስም ከመቃብር በላይ ይውላል እንላለን፣ ትርጉም አያስፈልገውም።

ቁጥር 12 ተቆጥቶ ነው የመጣው። የጣዖት አምላኪ ተረት ምን ይሠራልናል፣ ወጣቱን አታሰናክሉ ይላል። እንዲህ ያለ መልስ ክር ይገድላል፤ ይሄኛውን ግን አልገደለውም፣ ቁጥር 13 በመጽሐፍ መለሰለት። ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 50ን ክፈት አለው። ያዕቆብ ሲሞት ዮሴፍ ባለ መድኃኒቶቹን አዝዞ ሬሳውን በሽቱ አሳሽቷል። 40 ቀን ፈጀ፣ ግብፃውያን 70 ቀን አለቀሱለት። ዮሴፍ ራሱም በሽቱ ታሽቶ በግብፅ ምድር ሣጥን ውስጥ ተቀመጠ። የአባቶቻችን ሬሳ ያለፈበትን ሥርዓት ማወቅ ኃጢአት አይሆንም ብሎ ዘጋው። ቁጥር 12 አሜን ብሎ ወጣ፤ ጨዋ ነው ለካ።

ግን 40 የሚለውን ቁጥር ቁጥር 14 ሰማ። አርባችን፣ ሰማንያችን፣ ተዝካራችን ሁሉ ከግብፅ የመጣ ነው ብሎ ደመደመ። ቁጥር 15 አላዘነለትም። ሁለት ሰው ቢመሳሰል አንዱ ሌላውን ወልዶታል ማለት አይደለም። የግብፆቹ 40 ሬሳ የሚደርቅበት ጊዜ ነው፤ የኛ 40 የጸሎትና የምጽዋት ቀን ነው፣ ቤተ ክርስቲያን ትርጉሙን የምታስተምረው ከራሷ መጻሕፍት ነው። ልክ ነው። ከግብፅ የወረስነውን ከፈለግህ የቀን አቆጣጠሩን ተመልከት አለው። 12 ወር ባለ 30 ቀን፣ 5 ትርፍ ቀን፤ ጳጉሜን ለእነሱ የአምስት አማልክት፣ የኦሲሪስ፣ የሆረስ፣ የሴት፣ የኢሲስና የኔፍቲስ ልደት ነበረች። መስከረማችን በቅብጦቹ፣ በግብፅ ክርስቲያኖች፣ ቱት ይባላል፣ ቶት ከተባለው የጸሐፊዎች አምላክ ስም። ታኅሣሣችን ደግሞ ኪያክ ነው፤ ጥንታዊ ስሙ ካ በካ ላይ ማለት ነው። ካውን ፍለጋ ቱሪን መሄድ አያስፈልግም ነበር።

ቁጥር 16 እኔ ነኝ። ልደብቀው ብዬ ነበር፣ ግን ክሩ ላይ ስለቀረ አይደበቅም። ሬሳውን ሲያደርቁ ልብ፣ ጉበት፣ ሳንባ፣ አንጀት አውጥተው በአራት ማሰሮ ያስቀምጣሉ ብዬ ጻፍኩ። ቁጥር 17 ሳታነብ አትጻፍ አለኝ። በአራቱ ማሰሮ የሚገቡት ጉበት፣ ሳንባ፣ ጨጓራና አንጀት ናቸው። ልብ ከሰውየው ውስጥ አይወጣም። የሚያስቡት በልባቸው ነው፣ የሚመዘነውም እሱ ነው። አንጎሉን ነው በአፍንጫ በኩል በመንጠቆ ጎትተው የሚጥሉት። ተቀብያለሁ። ለነገሩ እኛም በልቤ አሰብኩ ነው የምንለው፣ ልሳሳት አይገባም ነበር።

ከዚህ ወዲያ ክሩ የሟቹ ልብ ተመዝኖ ወደሚፈረድበት ሚዛን ሄደ። ለንደን ያለ ልጅ የአኒን ፓፒረስ ብሪቲሽ ሙዚየም ሄዶ እንዳየው ይተርካል። አኒ ጸሐፊ ነበር፤ ጥቅልሉ ወደ 24 ሜትር ይጠጋል፣ ዋሊስ በጅ የተባለው ሰው በ1888 እ.ኤ.አ. ገዝቶ ካመጣው በኋላ 37 ቦታ ቆራርጦታል። አኒ እና ሚስቱ ቱቱ ጎንበስ ብለው ይገባሉ። በአንዱ ወገን ልቡ፣ በሌላው የእውነት ላባ፣ ማአት የምትባለው አምላክ ላባ። የቀበሮ ራስ ያለው አምላክ አኑቢስ ሚዛኑን ያያል። ቶት ብዕሩን ይዞ ይጽፋል። ከኋላው አሚት ቁጭ ብላለች፤ ራሷ አዞ፣ ደረቷ አንበሳ፣ ዳሌዋ ጉማሬ። ልቡ ከከበደ ትበላዋለች፣ በቃ። ሲኦል የለም፣ እሳት የለም፣ መጥፋት ነው። ልጁ ያስደነቀው ግን የአሚት አቀማመጥ ነው። እንደሚጠብቅ የቤት ውሻ፣ ዓይኗ ሳህኑ ላይ።

ሟቹ በ42 ዳኞች ፊት አልሰረቅሁም፣ አልገደልኩም፣ አልዋሸሁም እያለ ይክዳል። ይህን ያብራራው ቁጥር 20 ነው፤ ሳያስበው ክብሪት ጫረ። ከሚክዷቸው ነገሮች መካከል ውሃን በወቅቱ ማገድና በሚፈስ ውሃ ላይ ግድብ መሥራት አለበት ብሎ ጠቀሰ።

የሆነውን መናገር አያስፈልግም። ከ21 እስከ 29 ያለው ስለ ህዳሴ ግድብ ነው። ካይሮዎች የዛሬ ስንት ሺህ ዓመት ነው ይህን ያዘጋጁት ያለ አለ፤ አኒን ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት እናቁመው ያለ አለ፤ ቦንድ የገዛበትን ደረሰኝ ፎቶ የለጠፈ አለ። አንዱ ስለ ሞ ሳላህ ጀመረ። አድሚኑ ሁለት ጊዜ አስጠነቀቀ።

ያተረፈን ቁጥር 30 ነው። አባቱ በመንደራቸው የውሃ አባት ነበሩ። ተራ የሚያስይዙ፣ ቦይ የሚያስጠርጉ፣ በውሃ የተጣላውን የሚዳኙ። ልጅ ሆኖ ሌሊት ፋኖስ ይዞ ከአባቱ ኋላ ይሄድ ነበር። አንድ ሌሊት የሚወርደው ውሃ መሐል መንገድ ላይ ጠፋ። ሽቅብ ሲሄዱ አንዱ ገበሬ በድንጋይና በሣር ቦዩን ደፍኖ፣ ያለ ተራው ወደ ሽንኩርቱ መልሶታል። ራሱ ጭቃው ውስጥ ቆሟል፣ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ተጠቅልሏል። አባቱ ምንም አልተናገሩም፤ ፋኖሱን ከፍ አድርገው ፊቱን ብቻ አዩት። ሰውየው ድንጋዮቹን አንድ በአንድ አነሳ። በሙታን ዳኛ በኦሲሪስ ፊት የሚካደው ግድብ ይሄ ነው ይላል ቁጥር 30። የጎረቤት ቦይ እንጂ የአገር ወንዝ አይደለም። ቁጥር 31 አንድ ማረሚያ ጨመረ፤ ያ አንቀጽ ከ42ቱ ዝርዝር ውስጥ ሳይሆን ከዚያ በፊት ካለው የመጀመሪያ ክህደት ነው። ጸጉር ስንጠቃ ቢመስልም ትክክል ነው።

ጠበቃ ነኝ የሚለው ቁጥር 32 በሌላ ነገር ተመስጧል። በሟቹ ደረት ላይ የጥንዚዛ ቅርጽ ያለው ድንጋይ ይደረጋል፤ ጀርባው ላይ ልብን የሚለምን ጸሎት ተጽፎበታል። ልቤ ሆይ፣ በሚዛኑ ፊት አትመስክርብኝ ዓይነት። የራሱን ዋና ምስክር ዝም የሚያሰኝ ደንበኛ አይቼ አላውቅም ይላል። ቁጥር 33 ከዚያ የባሰ አለ አለች። እኛ የሙታን መጽሐፍ የምንለው፣ እነሱ በቀን የመውጣት የሚሉት፣ አንዳንዱ ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ነበር። የስሙ ቦታ ባዶ ይተዋል፣ ገዢው ሲገኝ ይሞላል። እንደ ቀበሌ ፎርም። አልሰረቅሁም የሚለው ሰው ማን እንደሆነ ሳይታወቅ ክህደቱ አስቀድሞ ተጽፏል።

ስለዚህ ከልባቸው ያምኑ ነበር ወይ? ይህን ያነሳው ቁጥር 34 ነው፣ ድምፁም ሻካራ ነው። በራምሴስ 9ኛ ዘመን፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት 1100 ገደማ፣ የተያዙ የመቃብር ሌቦች ቃል በፓፒረስ ቀርቷል። አሜንፓነፈር የሚባል ድንጋይ ጠራቢ ከጓደኞቹ ጋር የንጉሥ ሶቤከምሳፍን መቃብር ሰብሮ ገባ። ወርቁን ከሬሳው ላይ ገፈፉ፣ በሣጥኖቹ ላይ እሳት ለቀቁ። ሲያዝ ድርሻውን ለአንድ ሹም ሰጥቶ ወጣ፤ ጓደኞቹም ካሳ ከፈሉት፣ ተመልሶ ሥራውን ቀጠለ። ጉቦ እንግዲህ እዚያም ነበረች። ሬሳ ያቃጠለ ሰው ባ መመለሻ እንዳጣች ያውቃል፤ ካላመነ ነው እንጂ እንዴት ይደፍራል ይላል። ቁጥር 35 ተቃራኒውን ጠረጠረች። ያቃጠሉት ስለሚያምኑ ይሆናል፤ ተመልሶ እንዳይመጣባቸው። እኔ ወደ እሷ አደላለሁ።

እሷው ሌላም ነገር ጻፈች። ሆላንድ፣ ላይደን ከተማ ያለ አንድ ፓፒረስ አለ፤ ሚስቱ የሞተችበት ባል ለሟቿ የጻፈው ደብዳቤ ነው። ስሟ አንኺሪ ይባላል። ሰውየው መከራ በዝቶበታል፣ ከእሷ ነው ብሎ ያምናል። ምን በደልኩሽ እያለ ይሟገታታል። ስትታመም ሐኪም አምጥቶላታል። የሞተችው እሱ ከፈርዖን ጋር መንገድ ላይ ሳለ ነው። 8 ወር እንደ ሰው ሳይበላ ሳይጠጣ ቆየ። መገነዣ ጨርቅ ሰጠ። 3 ዓመት ሌላ ቤት ሳይገባ ለብቻው ተቀመጠ። አሁን እከስሻለሁ ይላታል፣ በምዕራብ ባሉት አማልክት ፊት። ቁጥር 34 ለዚህ መልስ አልሰጠም። እኔም የለኝም።

ቁጥር 36 ፈርዖኖቹ ሁሉ ኢትዮጵያውያን ነበሩ ባዩ ነው። ያልመጣ መስሎኝ ነበር። ቁጥር 37 በትዕግሥት አስረዳው። ግብፅን የገዙት የ25ኛው ሥርወ መንግሥት ነገሥታት የኩሽ ሰዎች ናቸው፣ መቀመጫቸው ናፓታ፣ የዛሬዋ ሱዳን ውስጥ። ግሪኮች ከግብፅ ወደ ደቡብ ያለውን አገር ኢትዮጵያ ስላሉት መጽሐፍ ቅዱሳችንም ቲርሐቅን የኢትዮጵያ ንጉሥ ይለዋል። ይኸው ቲርሐቅ ኑሪ በሚገኘው ፒራሚዱ ከ1000 በላይ ሻብቲ ይዞ ተቀብሯል። ቱታንክሃሙን እንኳ ያለው 413 ነው።

ሻብቲ ምንድነው ብሎ የሚጠይቅ ስለማይጠፋ ቁጥር 38 አብራራ። ከእንጨት፣ ከድንጋይ ወይም ከሸክላ የሚሠራ ትንሽ የሰው ቅርጽ ነው። በወዲያኛው ዓለም የቄጠማ ሜዳ የሚባል ለምለም አገር አለ፤ ባሕር ዳር ያደገ ሰው ደንገል የበቀለበትን የጣናን ዳር ያስብ። እዚያም ግን እርሻ አለ፣ ቦይ መጥረግ አለ፣ አሸዋ ማመላለስ አለ። ባለጸጋው ለሥራ ሲጠራ እሱን ተክቶ የሚነሳው ሻብቲው ነው። ኋላ ኋላ ለአንድ ሰው 365 ሠራተኛ፣ በየአሥሩ ላይ አንድ አለቃ፣ 36 አለቃ፣ በድምሩ 401 ይቀበርለት ነበር። አለቆቹ አለንጋ ይዘዋል። ደረታቸው ላይ የተጻፈው ሥራ ሲጠራ ምን ብለው መልስ እንደሚሰጡ ነው።

ቁጥር 39 ከአንድ የባሕረ ሰላጤ አገር ናት፤ ሰው ቤት ትሠራለች። አራት መስመር ነው የጻፈችው። ያ መልስ በአማርኛ አቤት ነው ትላለች። ከንጋቱ 11 ሰዓት ጀምሮ ስትለው የምትውለው ነው። እመቤቲቱ ከአልጋዋ ሳትነሳ ትጠራታለች፣ ውሃው አጠገቧ ነው። ሞተው እንኳ ራሳቸው መሥራት ያልፈለጉ ሰዎች መኖራቸውን ስታነብ ሌሊት ለብቻዋ ሳቀች። ከዚህ በታች ለረጅም ሰዓት ማንም አልጻፈም።

ቀጥሎ ጠያቂዋ ተመለሰች። ሁሉንም በስልክ ለእናቷ አንብባላቸዋለች፣ ከግድቡ በስተቀር። እናትየው አልረኩም። ዳቦው ሳይነካ 3300 ዓመት ከተቀመጠ አልተበላም ማለት ነው ይላሉ። የሙት ዳቦ ለድሃ ይሰጣል፣ ተዝካር የሚበላው በሕያው ነው፤ እዚያ መቆለፍ ምን የሚሉት ነው?

ይህን ጊዜ ቁጥር 3 ከረጅም ዝምታ ወጣች። እናትየው የነኩት ግብፆቹም ያውቁት የነበረውን ነው። መሥዋዕቱ መጀመሪያ ለአምላኩ ወይም ለሟቹ ይቀርባል፤ ካ ድርሻውን ከወሰደ በኋላ ያው ዳቦ ወደ ካህናቱ ይመለሳል፣ ተከፋፍለው ይበሉታል። የሙት ዳቦ የሕያው ደመወዝ ነበር። አስዩት ላይ የተቀበረው ገዥ ጄፋይሃፒ ልጆቹ እንደሚረሱት ገብቶታል መሰለኝ፣ ከካህናት ጋር 10 ውል ተዋውሎ በመቃብሩ ግድግዳ ላይ አስቀረጸው። በየበዓሉ ስንት ዳቦ፣ ስንት ጠላ፣ ለመብራት ስንት ክር። ውል የሚያፈርስ ቢኖር ደግሞ ሌላ መላ አላቸው። መቃብሩ በር ላይ አላፊ አግዳሚውን የሚለምን ጽሑፍ አለ፤ ቆም ብላችሁ 1000 ዳቦ፣ 1000 ጠላ፣ ለእገሌ ካ በሉ፣ የአፍ ትንፋሽ ነው፣ አያደክማችሁም የሚል። ቃሉ ከተነገረ ዳቦው ደርሷል። የተቆለፈው የኻ ዳቦ ግን ሌላ ነው፤ ለመንገድ የተያዘ ስንቅ።

ስንቅ የሚለው ቃል እናትየውን አሳመናቸው። ስንቅ ይገባቸዋል።

ከዚህ በኋላ ክሩ ወደ ወጥ ቤት ገባ። ግብርና ያጠናው ቁጥር 43 ግብፆች በዋናነት ዳቦ የሚጋግሩበት እህል አጃ ነው አለ። ሱፐርማርኬት በፓኬት የሚሸጠውን አይደለም፤ በደጋ አገራችን ገበሬ አሁንም የሚዘራውን፣ ገለባው ከፍሬው አልላቀቅ የሚለውን የስንዴ ዘር ነው። ጠላቸውም ከጠርሙስ ቢራ ይልቅ የኛን ጠላ ሳይቀርብ አይቀርም። ቁጥር 44 ሚላን ናት፤ ያ እህል ጣሊያን አገር ፋሮ ይባላል፣ የትም ሱቅ አለ አለች።

ጠያቂዋ ገዝታ አስፈጨች። ቁጥር 46 የመጨረሻው ነው። ዱቄቱ አልያያዝ ብሏት ነበር፣ እርሾው አልነሳም፣ ምጣዱ ላይ ሆዱ ተሰነጠቀ። ጥቁር ድንጋይ የመሰለ ነገር ፎቶ አንስታ ለእናቷ ላከች። እናትየው ጥርስ ላለው ሰው አይሆንም፣ ለካ ይቀመጥ አሉ።